በሁለት ቁልፍ የተቆለፈው ሕግ

አንድን ነገር አደረስኩ ብላችሁ እጃችሁን ካራገፋችሁ በኋላ፣ ነገሩ ጭራሽ እንዳልደረሰ ያወቃችሁበት ቀን አለ? መልእክት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እናንተ ሰጥታችኋል፤ የተቀበለውም ሰው መቀበሉን አይክድም። ነገሩ ግን የተላከበትን ሥራ አልሠራም። እኔን ይህ ነገር ገጥሞኛል፤ የገጠመኝም ሕግ ሳድል ነው።

ያኔ ሞላሌ በምትባል ትንሽ የወረዳ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከማስተማሩ ጎን የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እንድይዝ ስለተሰጠኝ፣ በመጀመሪያው ወር መጻሕፍቱን ሁሉ ቁጥር ሰጥቼ፣ በየገጻቸው የትምህርት ቤቱን ማኅተም መትቼ፣ በሩ ላይ አሥራ አንድ ደንብ ለጠፍኩ። ሥርዓት እወዳለሁ። ማስረዳትም እወዳለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሕግ ጋዜጣ ጥቂት ላስረዳ።

የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ሲያወጣ፣ አዋጁ በሕግ ጋዜጣ ይታተማል። ጋዜጣ ይባል እንጂ ዜና የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር አንቀጽ ነው። ከሚታተመው ውስጥ የተወሰነው ለፍርድ ቤቶች፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለቀበሌዎችና ለቤተ መጻሕፍት በነጻ ይታደላል። ሕግ አላውቅም ብሎ ማምለጥ ካልተቻለ፣ ሕጉ ሰው ሊያገኘው የሚችልበት ቦታ መቀመጥ አለበት ማለት ነው።

በታኅሣሥ ወር የቤተ መጻሕፍቱን ድርሻ ልወስድ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስሄድ፣ ለቀበሌዎች የተላከው የጋዜጣ እስር አግዳሚ ወንበር ሥር ተደርድሮ አየሁ። ከላይ ያለው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ነበር። ኃላፊውን ለምን እንዳልታደለ ጠየቅኳቸው።

«መኪና የለ፣ ሰው የለ። በወፍ ልላከው?» አሉኝ።

«ሩቅ የሆኑትን ሦስቱን ቀበሌዎች እኔ ላድርስላችሁ።»

«በእግርህ?»

«በእግሬ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጥሩ። ግን ይህ የመንግሥት ንብረት ነው። ያለ ርክክብ አንዲት ቅጠል አትወጣም።»

ርክክብ የሚለውን ቃል ስሰማ ደስ አለኝ። ማታውኑ በማስመሪያ አምስት ዓምድ ያለው ቅጽ አዘጋጀሁ፤ ተራ ቁጥር፣ የቅጂ ብዛት፣ የተረካቢ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ይህ በቂ ነበር። እኔ ግን ከሥሩ በቀይ እስክርቢቶ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ቅጂ ቢጎድል፣ ቢቀደድ ወይም ቢቆሽሽ የፈረመው ሰው በግሉ ይጠየቃል።» ይህን ጻፍ ያለኝ ማንም አልነበረም።

ከሦስቱ ቀበሌዎች አንዱ ከወንዙ ማዶ ነው። ከሞላሌ ወደ ገደሉ መውረድ፣ ወንዙን መሻገርና ማዶውን መውጣት ስለሚጠይቅ ለለመደ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ገበሬ ናቸው። ቀዩን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ቢቆሽሽም?» አሉኝ።

«ቢቆሽሽም።»

እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው አምስቱን ቅጂ ተቀበሉና ፈረሙ። የፈረሙበትን ቅጽ አንዱን ግልባጭ ለእሳቸው ተውኩላቸው። በዕለቱ የቀበሌው ሰው ለስብሰባ መጥቶ ስለነበር ቆሜ ንግግር አደረግኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ እዚሁ ደጃችሁ ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ገደሉን ስመለስ ድካም አልተሰማኝም።

ሁለት ወር አለፈ። በየካቲት፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ሴት የቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። ለገበያ ያወጣችውን የበግ ፀጉር ፈትል በብብቷ ይዛለች። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው፤ የሐዘን ልብሷን አልጣለችም።

«ሕግ ተሸክመህ ማዶ የመጣኸው መምህር አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፤ እግሬ ጭቃ ነው። ያንተን ነገር ያቆሸሸ ይጠየቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ፈገግ አላለችም። ስሟ እልፍነሽ ነው። ደጃፉ ላይ እንደቆመች ነገሯን ነገረችኝ። ባሏ ባለፈው ክረምት ሞቷል። ልጅ አልወለዱም። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ያረሱትን መሬት የባሏ ወንድም ሸዋንግዛው «የአባቴ አጽመ ርስት ነው፤ ዘር ያልተወለደበት መሬት ወደ ዘሩ ይመለሳል» ብሎ ይዞባታል። ሽማግሌ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ የደረሱበት ስምምነት ስድስት በግና የዓመት ቀለብ ገብስ ተቀብላ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ግሼ እንድትመለስ ነው።

«ቅዳሜ ሚካኤል ነው፤ አይታረስም። ያን ቀን ዋስ ጥሪ ብለውኛል» አለች።

በእኛ አገር ሽምግልና የሚያልቀው በዋስ ነው። ሁለቱም ወገን «በዚህ እርቅ እጸናለሁ» ብለው ዋስ ይጠራሉ። ዋስ የጠራ ሰው ወደኋላ ቢል የሚያዋርደው ራሱን ብቻ ሳይሆን ዋስ የሆነለትንም ነው። ወረቀት ላይ ከተፈረመ ውል ይበልጥ የሚከበረው ይህ ነው።

«አዲሱን የመሬት ሕግ ለሊቀመንበሩ አላነሡባቸውም?»

«እንዴት አላነሣ። ሕጉ መጥቷል ብለህ ስታወራ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ። ‹ሕጉ የት አለ?› አልኳቸው። ‹ሣጥን ውስጥ አለ› አሉኝ። ‹አውጡትና ይነበብልኝ› አልኳቸው። ‹ፈርሜበታለሁ› አሉኝ። በቃ።»

የቤተ መጻሕፍቱን ቅጂ አወጣሁና ስለ ባልና ሚስት የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጌ አነበብኩላት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ባልና ሚስት በጋራ በያዙት መሬት ላይ መብታቸው እኩል ነው፤ አንዱ ቢሞት የሌላው ድርሻ አይነካም።

«ድገመው» አለች። ደገምኩት። ከንፈሯን ነክሳ ሰማችኝና እጇን ዘረጋች። «እንግዲያው ወረቀቱን ስጠኝ።»

የመለስኩላት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «ከቤተ መጻሕፍት አይወጣም» አልኳት።

በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ምን እንደሆነ ገባት። «አሃ፣ ይህም ሣጥን ነው» አለች።

«በእጄ ልገልብጥልዎት።»

«አንተ በእጅህ የጻፍከውን ማን ያምነኛል?» ፈትሏን አስተካክላ ወደ ገበያው ወረደች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ትምህርት ካለቀ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቼ፣ የውሰት መዝገቡ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ጋዜጣውን በላስቲክ ጠቅልዬ ወሰድኩ። የራሴን ደንብ ስጥስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ጉሙ ከገደሉ አፍ እስከ ከተማው ሞልቶ ስለነበር ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ፤ ቅዳሴው መቼ እንደሚያልቅ ግን አላውቅም። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። በሁለተኛው ጋዜጣውን ላድን ስል ክርኔ ተላጠ። የበልጉ ዝናብ ቀድሞ ስለጣለ ወንዙ ከታኅሣሡ ይልቅ ሞልቷል። የለመድኩትን መሻገሪያ ትቼ ሰፋ ወዳለው ቦታ ለመሄድ ወደ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል መጓዝ ነበረብኝ። ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ጥቅሉን ጭንቅላቴ ላይ ይዤ ተሻገርኩ። ዳገቱን ስጀምር ከቤተ ክርስቲያኑ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ወደየቤታቸው ሲበተኑ አየሁ። ቅዳሴው አልቋል።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ስደርስ ሰው በካቡ ዙሪያ ተቀምጧል። መሐል ላይ የሽማግሌዎቹ መሪ አባ ክንፈ አሉ፤ የደብሩ ቄስ ናቸው። ሸዋንግዛው ቆሟል፤ ከጎኑ አንድ ሰው አብሮት ቆሟል። ዋሱ ነው። የእሱ ወገን ጨርሷል ማለት ነው።

አባ ክንፈ ወደ እልፍነሽ ዞረው «በይ ልጄ፣ አንቺም ዋስሽን ጥሪና እንገላገል» ሲሉ ሰማሁ።

«አባ፣ ይቅርታ!» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርጥብ ነው፤ ጫማዬ አሁንም አንገቴ ላይ ነው።

አባ ክንፈ በእርጋታ አዩኝ። «መምህር፣ መጀመሪያ ጫማህን አድርግ። ከዚያ ተናገር።»

ሰው ሳቀ። ጫማዬን እያሰርኩ የመጣሁበትን ተናገርኩ፤ አዲሱን የመሬት ሕግ ይዣለሁ፣ እርቁ ከመጽናቱ በፊት ይነበብ። ጥቅሉን ፈትቼ ለአባ ክንፈ ሰጠኋቸው።

ሸዋንግዛው ቀረብ ብሎ ከትከሻቸው በላይ አየው። ረጅም፣ እጁ በማረሻ የሻከረ ሰው ነው። ጣቱን ማኅተሙ ላይ አደረገ። «ይህ ክቡ የማን ነው?»

«የትምህርት ቤቱ ማኅተም ነው» አልኩ።

«ትምህርት ቤት ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው መሬት የሚያካፍል?»

በካቡ ላይ የተቀመጡት ሳቁ። በየገጹ የመታሁት እኔ ነኝ፤ በአንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተሙ ፊደሉን ሸፍኖታል። ሕጉ ያው እንደሆነ፣ የትም ቢሄድ አንድ እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ፊታቸው ይበልጥ ሲጠራጠር አየሁ።

አባ ክንፈ ጋዜጣውን አጥፈው መለሱልኝ። «እኔ አንተን አልጠራጠርም። ግን ሕጉ እዚሁ ደጃችን ነው ብለኸናል፤ በቀበሌያችን ሣጥን አለ። በተውሶ ሕግ ለምን እንፍረድ? ደምሴ፣ ሣጥኑን ክፈት።»

አቶ ደምሴ አልተነሡም። «ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ነው ያለው፣ አባ። ሁለተኛውን ያጠለቅኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። አንዱ እኔ ጋ ነው። አንዱ ጸሐፊው ጋ ነው። ጸሐፊው ጠበል ሊጠመቅ ሄዷል፤ ሰባት ቀን ሳይሞላው አይመጣም።»

«ይሰበራ።»

«ልስበርና ቢጎድል ማን ይጠየቃል? ቢቀደድስ? እኔ ነኝ የፈረምኩት። መምህሩ በቀይ ጽፎታል። እኔ አርጅቼ እስር ቤት አልገባም።»

ሰው ሁሉ እኔን አየ። እልፍነሽም አየችኝ። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ገባኝ። እኒህ ሰው ሕጉን አልደበቁም። እኔ ባዘዝኳቸው መሠረት ጠብቀውታል። እንዳይቆሽሽ ማንም አልነካውም፤ እንዳይጎድል ማንም አላወጣውም። ሁለተኛውን ቁልፍ ያጠለቁት እንኳ እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው።

«ቀዩን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «መንግሥት አላዘዘም፤ የወረዳው ኃላፊም አያውቀውም። ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

አቶ ደምሴ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ከራስህ?»

«ከራሴ።»

«አይ መምህር» አሉ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ። «ሁለት ወር ሙሉ አይጥ እንዳይበላው ሣጥኑ ላይ ድመት አስተኝቻለሁ እኮ።»

ቃለ ጉባኤ እንያዝ አልኩ። ሣጥኑ ለምን እንደሚከፈት፣ ማን እንደተስማማ፣ ምን እንደተገኘ ይጻፍ፤ የጎደለ ነገር ቢኖር ተጠያቂው እኔ ልሁን። አባ ክንፈ ቀድመው ፈረሙ። እልፍነሽ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። ወረቀቱ ሸዋንግዛው ጋ ሲደርስ እንቢ ይላል ብዬ ነበር።

«ይከፈት» አለ። «የቀበሌዬ ሕግ እንደ ትምህርት ቤቱ አይሆንም። እኔ የምፈራው የለም።» ፈረመ።

አቶ ደምሴ አንዱን በቁልፋቸው ከፈቱ። ሁለተኛው በድንጋይ በአራተኛው ምት ለቀቀ። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው በንጹሕ ነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለው የእኔ ቅጽ ነበር። ከሥሩ አምስቱ ቅጂ፣ እኔ በታኅሣሥ ባሰርኩበት ሲባጎ እንደታሰሩ። ከዚያ በታች ከእኔ በፊት የመጡ፣ ወረቀታቸው የወየበ ሌሎች እስሮች ነበሩ። አንዱም ተፈትቶ አያውቅም።

አባ ክንፈ ሲባጎውን ፈቱ። «በዜማ ቤት እንዳለው እናድርገው» አሉ። «አንዱ ያነባል፣ ሌላው መጽሐፉን ይዞ ያቀናል። እኔ የሣጥኑን አነባለሁ። አንተ የራስህን ያዝ። የሚለይ ነገር ካለ አስቁመኝ። ሸዋንግዛው፣ አንተም ከመምህሩ ጎን ተቀመጥና በጣትህ ተከተል፤ ፊደል ቆጥረሃል።»

ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምረው አነበቡ። ረጅም አዋጅ ነው። ማንም አልተነሣም። ስለ ውርስ የሚለው ሲነበብ አንድ አዛውንት «ቆይ፣ ይህስ እኔን ነው የሚነካኝ» ብለው አስቆሙ፤ አባ ክንፈ «ተራህን ጠብቅ» አሏቸው። ሸዋንግዛው ጣቱን ከመስመር መስመር ያስኬዳል፤ ትኩስ ትንፋሹ እጄ ላይ ይሰማኛል። ስለ ባልና ሚስት የሚናገረው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ጣቱ ቆመ። አባ ክንፈ አንብበው ጨርሰው ወደ ሌላው አንቀጽ አለፉ፤ የእሱ ጣት ግን እዚያው ቀረ።

ንባቡ ሲያልቅ አባ ክንፈ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይለያል?»

ሸዋንግዛው ጣቱን ከአንቀጹ ላይ አነሣ። ከዚያ «አይለይም» አለ። ወደ አቶ ደምሴ ዞረ። «ይህ ሁሉ ሁለት ወር እዚህ ነበር? ጋሽ ደምሴ፣ በሰው ፊት ከማፍሬ በፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«አላነበብኩትም» አሉ አቶ ደምሴ።

አባ ክንፈ ወደ እልፍነሽ ዞሩ። «ልጄ፣ የሸዋንግዛው ዋስ ቆሟል። አንቺስ ትጠሪያለሽ?»

እልፍነሽ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። «አልጠራም» አለች። «አገሬ እዚህ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ቀላል ነበር ማለት አልችልም። ሸዋንግዛው ተነሥቶ ወጣ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆይቶ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ሌላ እርቅ ለማውጣት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተከራከሩ። እልፍነሽ በሬ የላትም። መጨረሻ ላይ ዘሩን እሷ አቅርባ፣ ድርሻዋን እሱ አርሶላት፣ ምርቱን እኩል እንዲካፈሉ ተስማሙ። ያን ጊዜ ሁለቱም ዋስ ጠሩ። ሲለያዩ ሸዋንግዛው «ዘሩን ከማን ነው የምትበደሪው?» ሲላት፣ እሷ «ካንተ እንዳይሆን እንጂ ከማንም» ስትለው ሰምቻለሁ። ሁለቱም አልሳቁም፤ ግን ተነጋግረዋል።

እኔም በሳምንቱ የመንግሥት ሣጥን አሰብረሃል ተብዬ ወረዳ ተጠራሁ። ቃለ ጉባኤውን ሳሳያቸው ኃላፊው ረጅም ጊዜ አነበቡትና «ደግነቱ ጽፈኸዋል» ብለው ሸኙኝ። ሌሎቹን ሁለት ቀበሌዎችም ዞሬ አየሁ። በአንደኛው እስሩ ሣጥን ውስጥ ነው። በሌላው ሊቀመንበሩ ቤታቸው ወስደው ጣሪያ ሥር ሰቅለውታል። በሁለቱም ቅጹ በክብር ተቀምጧል።

አንባቢዎች ሆይ፣ ከዚያ በፊት ሥራ ማለት ለእኔ ፊርማ መሰብሰብ ነበር። ፊርማው ሲሟላ ሥራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አሁን ርክክብ አይጠቅምም አልልም፤ ማን እንደተቀበለ መታወቅ አለበት። ነገር ግን ሰውን በዕቃ ስታስፈሩት፣ ሰውየው ዕቃውን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከባለቤቱም ይጠብቀዋል። አዲሱ ቅጼ ቀይ መስመር የለውም። በምትኩ «ማን አነበበው? ለማን ተነበበ?» የሚል ዓምድ አለው። በዓመቱ ማዶ ስሻገር የአቶ ደምሴ የመሬት አዋጅ ጠርዙ ተበልቶ፣ የጣት አሻራና የቅባት ጠብታ ሞልቶት አገኘሁት። አንደኛው ቅጂ ጭራሽ ጠፍቷል። «ማን እንደወሰደው አላውቅም» አሉኝ፤ እኔም በመዝገቤ ላይ «ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቀበሌ ወይም ቤተ መጻሕፍት ሂዱና የሕግ ጋዜጣ ጠይቁ። «ደርሷችኋል ወይ?» አትበሉ፤ «አዎ» ነው የሚሏችሁ። «አሳዩኝ» በሉ። ሲባጎው ካልተፈታ እዚያው ፍቱት። ከዚያም ማንበብ የማይችል አንድ ሰው ፈልጉና ስለ እርሻው፣ ስለ ትዳሩ ወይም ስለ ልጆቹ የሚናገረውን አንድ አንቀጽ አንብቡለት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ቶሎ አትነሡ፤ ጥያቄ ይኖረዋል።